የማያረጀው ልብ

እንፍራንዝ ስለ ዕድሜ ለመጨዋወት የተመቸች ከተማ ናት። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚያልፍ መንገደኛ ቀና ካለ ጉዛራን ያያል፤ ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት እንዳሠሩት የሚነገርለትን ግንብ። ጎንደር ገና የነገሥታት መናገሻ ሳትሆን ጉዛራ ቤተ መንግሥት ነበር። ያሠሩት ሄደዋል፣ የተቀመጡበት ሄደዋል፣ ደጅ የጠኑበትም ሄደዋል፤ ግንቡ ቆሟል። ግንብ በመቆሙ አይታማም፤ መቆም ሥራው ነው።

በዚህ አገር ዕድሜ ይከበራል። ታናሽ ለታላቅ ከወንበሩ ይነሣል፤ ታላቅም ተቀምጦ «እደግ፣ ተመንደግ» ብሎ ይመርቃል። የተመረቀው ያድጋል፣ ይመነደጋል፣ ጠጉሩም ይሸብታል፤ ወንበሩ ግን እንደተያዘ ነው። ይህ የቆየ ጨዋነት ስለሆነ አንነካውም። የዛሬው ጨዋታችን ከሰው ዝቅ ብሎ ስለ ሕዋስ ነው፤ ሕዋስ ለምን እንደሚያረጅና ይህንን ሲመረምሩ ዕድሜያቸውን ስለጨረሱ ሊቃውንት።

አገሩ ለሐኪም እንግዳ አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1699 ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ ከካይሮ ተነሥቶ ጎንደር ገባ፤ ዐፄ ኢያሱን ይዟቸው የነበረውን የቆዳ ሕመም አከመ፤ እንፍራንዝንም አይቶ ስለ ዝባድ ንግዷ ጻፈ። የንጉሡ ቆዳ ዳነ። ከ7 ዓመት በኋላ ሲሞቱ ምክንያቱ ቆዳቸው አልነበረም፤ ሞት የመጣባቸው ከውስጥ፣ ከገዛ ልጃቸው ወገን ነው። ቆዳ ማደስ ግን ከዚያ ወዲህም ተወዳጅ ሕክምና ሆኖ ኖሯል። ርካሽ ነው፣ ከሩቅ ይታያል፣ የውስጡን ደዌም አያስቆጣም።

ወደ ዋናው ነገር ስንገባ ከዶሮ ልብ ብንነሣ ይቀናል። አሌክሲስ ካሬል የተባለ ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም በኒው ዮርኩ የሮክፌለር ተቋም ሳለ፣ በጥር 1912 ከዶሮ ፅንስ ልብ ቅንጣት ወስዶ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አኖረ። በዚያው ዓመት የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሽልማቱ የደም ሥር ስለመስፋት ነበር፤ ክብሩ ግን ለልቡም ተረፈው። ዶሮይቱ ብትኖር ኖሮ ከጥቂት ዓመት በኋላ በሞተች ነበር፤ ከልቧ የተወሰደው ግን 34 ዓመት ቆየ። ካሬል ሕዋስ በወጉ ከተያዘ አያረጅም፣ አይሞትም አለ። የቤተ ሙከራው ሰዎች ጥቁር ካባ ለብሰው በጥንቃቄ ይንከባከቡት ነበር፤ ጋዜጦችም በየዓመቱ ልደቱን ያወሱለት ነበር። በየዓመቱ ልደቱ የሚከበርለትን ነገር «በርግጥ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ስለዚህ ማንም አልጠየቀም። የኋላ ኋላ በዕቃው ውስጥ የተረፈው የማይመታ ተራ ሕዋስ ብቻ ነበር። ልብ መባሉ ግን አልቀረም።

ምስጢሩ ከቀለቡ ነበር። ልቡ የሚቀለበው ከዶሮ ፅንስ የተጨመቀ ጭማቂ ነው። በኋላ የመጡ ሊቃውንት እንዳሰሉት፣ ጭማቂው ጥርት ብሎ ስላልተጣራ በየቀለቡ ትኩስ ሕዋሳት አብረው ይገቡ ነበር። ያረጀው ያልቃል፤ ጨቅላው ይገባል፤ ስሙና ዕቃው ያው ነው። ነገሩን ከውጭ ለሚያየው መተካካት ነው፤ ከውስጥ ላለው ጨቅላ ግን መበላት ነው።

እንዲያውም በ1930 ቤተ ሙከራውን የጎበኘ አንድ የሙያ ሰው ምስጢሩን ከአንድ ሠራተኛ አፍ እንደሰማ ተጽፏል፤ «ልቡ ሞተ ቢባል አለቃችን በጣም ያዝናሉ፤ ስለዚህ አልፎ አልፎ ትኩስ ሕዋስ ጣል እናደርጋለን» የሚል መንፈስ ነበረው። እንግዲህ በነገሩ ውስጥ ማንም አልዋሸም። ሠራተኛው አለቃውን አከበረ፣ አለቃው ሪፖርቱን አመነ፣ ጋዜጣው ልደቱን ጻፈ። ልቡም በእነዚህ በሦስቱ መካከል ጤናማ ሆኖ ኖረ።

ካሬል ራሱ በ1939 ከተቋሙ የወጣው በጡረታ ደንብ ነው። ሕዋስ አያረጅም ያለውን ሊቅ ተቋሙ «አርጅተሃል፣ ዕረፍ» አለው። ደንቡ ሽልማቱን አላየም፣ ዝናውን አልሰማም፣ የሚወዱት ሰዎች ሰልፍ እስኪወጡለትም አልጠበቀም። በሩቅ አገር እንዲህ ያለ ጨካኝ ደንብ እንዳለ መስማት ለእኛ ለሩኅሩኆቹ ይከብደናል።

ሊዮናርድ ሄይፍሊክ ይህን ሁሉ ያበላሸው ሰው ነው። በ1928 በፊላደልፊያ ተወለደ፤ በዚያው ከተማ በዊስታር ተቋም የሰው ሕዋስ ሲያሳድግ አንድ ነገር አስቸገረው። ሕዋሳቱ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ያህል ከተከፋፈሉ በኋላ ቀጥ ይላሉ። መጀመሪያ ጥፋቱን የፈለገው ከራሱ እጅ ነበር፤ ምግቡን፣ ዕቃውን፣ አያያዙን መረመረ። ጥፋተኛ አላገኘም፣ የውጭ እጅም አላገኘም። ሕዋሳቱ ያቆሙት የተሰጣቸውን ስለጨረሱ ብቻ ነበር።

ይህንኑ ለማረጋገጥ ከባልደረባው ከፖል ሙርሄድ ጋር ብዙ ጊዜ የተከፋፈሉ የወንድ ሕዋሳትን ገና ጥቂት ጊዜ ከተከፋፈሉ የሴት ሕዋሳት ጋር በአንድ ዕቃ ቀላቀሉ። ለብቻቸው የተቀመጡት አሮጌዎቹ ባቆሙ ጊዜ ድብልቁን ቢያዩት የቀሩት ወጣቶቹ ብቻ ሆነው ተገኙ። አሮጌው ሕዋስ በወጣቶች ተከቦ፣ የወጣቶቹን ምግብ እየተመገበ እንኳ ቁጥሩን አልረሳም። ከወጣት ጎን ቆሞ ፎቶግራፍ መነሣት ዕድሜ እንደማይቀንስ በሳይንስ የታወቀው እንግዲህ ያን ጊዜ ነው።

ጽሑፉን ለታወቀ መጽሔት ላኩት። አዘጋጁ ፔይተን ሩስ አልተቀበለውም፤ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ከተገኘው ትልቁ እውነት፣ ሕዋስ ከተመቸው ያለ ገደብ እንደሚበዛ ነው ሲል መለሰ። የሃምሳ ዓመት እውነት ደግሞ በአንድ ጽሑፍ አይነቃነቅም። ጽሑፉ በ1961 በሌላ መጽሔት ወጣ፤ ዛሬ ግኝቱ «የሄይፍሊክ ገደብ» ተብሎ በሊቁ ስም ይጠራል። ስለ ገደብ የሚናገር ሰው ዕጣው ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ይባረራል፣ ቆይቶ ይጠቀሳል፣ በመካከሉ ግን ያለ ገደብ ይጠብቃል።

ሄይፍሊክ ሌላም አየ። ሕዋሱን አቀዝቅዘው በፈሳሽ ናይትሮጅን ቢያስቀምጡትና ከዓመታት በኋላ ቢያሞቁት ቆጠራውን ካቆመበት ይቀጥላል። ሃያ ጊዜ ተከፋፍሎ ከነበረ ሃያ አንደኛውን ይቀጥላል። ስሜን ለውጫለሁ፣ ዕቃዬን ቀይሬያለሁ፣ ስለዚህ ያለፈው አይቆጠርብኝም፣ ከአንድ ልጀምር የሚል ሕዋስ አልገጠመውም። ሕዋስ እንዲህ ያለ ታማኝ ፍጡር ነው፤ ይህን ዓይነቱን ብልሃት ለመማር ትልቅ አካል መሆን ያስፈልጋል።

የሊቁ ሕይወት ራሱ ከሙግት አልዳነም። በ1962 ያዘጋጀው ደብሊው አይ 38 የተባለ የሕዋስ ዘር ለብዙ ክትባቶች መሥሪያ ዋለ። በ1968 ወደ ስታንፎርድ ሲዛወር ሕዋሳቱን በመኪናው ጭኖ ሄደ። መንግሥት «በእኔ ገንዘብ የተዘጋጁ ናቸውና የእኔ ናቸው» አለ፤ እሱ «ያሳደግኋቸው እኔ ነኝ» አለ። በ1976 ከስታንፎርድ ለቀቀ፤ ሙግቱም ዓመታት ፈጅቶ በስምምነት አለቀ። መሥራች ነኝ የሚለውና ከፋይ ነኝ የሚለው ሲከራከሩ፣ ሕዋሳቱ በክትባት መልክ የማያውቃቸውን ሕፃን ሁሉ ሲያድኑ ነበር።

ገደቡ ከወዴት እንደሚመጣ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ኤልዛቤት ብላክበርን፣ ካሮል ግሬይደርና ጃክ ሾስታክ በ2009 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉበት ነገር ይህ ነው። ክሮሞሶም ጫፍ ጫፉ ላይ ቴሎሜር የሚባል መጠበቂያ አለው፤ የነጠላ ጫፍ እንዳይተረተር እንደሚቋጭ ማለት ነው። ሕዋሱ በተከፋፈለ ቁጥር ቋጩ ያጥራል፤ አጥሮ አጥሮ ሸማው ሊነካ ሲል ሕዋሱ ይበቃኛል ይላል። ቋጩን መልሶ የሚያስረዝም ቴሎሜሬዝ የሚባል ኤንዛይም አለ፤ አብዛኛው የሰውነት ሕዋስ ግን አይጠቀምበትም። ከዐሥር የካንሰር ዓይነት ወደ ዘጠኙ ይጠቀምበታል።

በ1951 በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሄንሪታ ላክስ ከተባለች እናት የካንሰር ዕጢ የተወሰደው ሕዋስ እስከ ዛሬ በዓለም ቤተ ሙከራዎች ሁሉ ይከፋፈላል። ገደብ አያውቅም፣ እርጅና አያውቅም። እሷ ግን በዚያው ዓመት በ31 ዓመቷ ዐረፈች። ከሕዋሱ ወገን ሆኖ ታሪኩን ለሚጽፍ ይህ ድል ነው፤ በ70 ዓመት ውስጥ አንድም ሽንፈት አልተመዘገበም። ከአካሉ ወገን የሚጽፈው ግን ታሪኩን ለመጨረስ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላለትም።

ገደቡ የደረሰበት ሕዋስ ሁሉ ታዲያ ወዲያው አይሞትም። ጁዲት ካምፒሲ የተባለች አሜሪካዊት ሊቅ ዕድሜዋን የፈጀችው በዚህ ላይ ነው። ብዙው ሕዋስ ጊዜው ሲደርስ በሥርዓት ፈርሶ ቦታውን ለሌላው ይለቃል። ጥቂቱ ግን አይከፋፈልም፣ አይሞትም፣ ቦታም አይለቅም። ሥራ አቁሞ ይቀመጣል፤ ዝም ብሎ ግን አይቀመጥም። ከተቀመጠበት ሆኖ ዙሪያውን የሚያስቆጣና የሚያቃጥል ነገር ያመነጫል፤ ጤነኛው ጎረቤቱም ሳይደርስበት ያረጃል። በቁጥር እነዚህ ጥቂት ናቸው፤ መላው አካል የሚያመው ግን በእነሱ ነው።

ፍርድ እንዳናጓድል የቀድሞ ውለታቸውን እንናገር። እንዲህ ያለው ነባር ሕዋስ መጀመሪያ የቆመው ለበጎ ነው። ጉዳት ሲደርስበት ወደ ካንሰር እንዳይለወጥ ራሱን ገታ፤ ቁስል በሚሽርበትም ጊዜ ጠጋኞቹን የሚጠራው እሱ ነው። አካሉን አንድ ቀን በእውነት አድኖታል። ነገሩ የሚበላሸው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ቁስሉ ይሽራል፣ ቁስሉን ሊያድን የመጣው ግን አይሄድም። በደህና አካል ላይ መቆየቱን ለማስረዳት ደግሞ ሌላ ቁስል ያስፈልገዋል፤ የሚያመነጨው ነገር ይህን አያሳጣውም። አካሉ ወጣት ሳለ የመከላከያ ሕዋሳቱ እንዲህ ያለውን ለይተው ያስወግዱት ነበር። ሲያረጅ ግን እነሱም አብረው ያረጃሉ፤ ግምገማው መሳሳም ይሆናል።

መድኃኒት ፈላጊ አልጠፋም። በ2005 በስታንፎርድ አሮጌና ወጣት አይጦችን ጎን ለጎን ሰፍተው ደማቸውን አንድ አደረጉት። የአሮጌዋ ጡንቻና ጉበት የመጠገን ኃይሉ ታደሰ። ዜናው ስለ አሮጌዋ ደስታ ብዙ ተናገረ፤ ከደሙ መደባለቅ ወጣቷ መጎዳቷን የተናገሩት በኋላ የመጡ ጥናቶች ናቸው።

የእንፍራንዝ ቤተ መንግሥት ግን ይህን ሙከራ ቀደም ብሎ ሠርቶታል። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ1597 ሲያርፉ፣ መኳንንቱ ለዐቅመ አዳም የደረሰውን የንጉሡን የወንድም ልጅ ዘድንግልን ትተው የንጉሡን የሰባት ዓመት ልጅ ያዕቆብን አነገሡ፤ ዘድንግልን ወደ ጣና ደሴት ላኩት። ዙፋኑ ወጣት ሆነ፣ ምክሩ ግን እንደ ድሮው ቀረ። ያዕቆብ ጎርምሶ በራሱ ልግዛ ሲል በ1603 ከዙፋኑ ወረደ፤ ጥፋቱ ማደጉ ነበር። ወጣት ለአካል ደኅንነት እጅግ አስፈላጊ መሆኑን ሁለቱም ሙከራዎች ያስረዳሉ። የሚፈለገው ደሙ ነው፤ ከደሙ ጋር አሳብ ይዞ ከመጣ ግን አካሉ አይቀበለውም።

ተሃድሶም ተሞክሯል። ሺንያ ያማናካ በ2006 አራት ዘረመሎችን በመጠቀም ያደገን ሕዋስ ወደ ፅንስነት ጠባይ መመለስ እንደሚቻል አሳየ፤ በ2012 ተሸለመበት። ችግሩ ተሃድሶው ጥልቅ ሲሆን ሕዋሱ ሥራውን መርሳቱ ነው። የቆዳ ሕዋስ ቆዳነቱን፣ የጉበት ሕዋስ ጉበትነቱን ይዘነጋል፤ በሕያው አይጥ ውስጥ ሲሞከርም ዕጢ አብቅሏል። ስለዚህ ተመራማሪዎች አሁን በከፊል ብቻ ማደስ ይሞክራሉ፤ እንዲታደስ፣ ግን ለምን እንደተፈጠረ እንዳይረሳ። ጥልቅ ተሃድሶ አድርጌያለሁ የሚል ሕዋስ ሲያጋጥመን እንኳን ደስ አለህ ከማለታችን በፊት ሥራው ምን እንደነበር ብንጠይቀው መልካም ነው።

ጾምም ከመድኃኒቶቹ አንዱ ነው፤ ይህ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ2016 የኖቤል ሽልማት ያገኘው እርሾን አስርቦ ባየው ነገር ነው። የተራበ ሕዋስ በውስጡ ያከማቸውን ያረጀና የተበላሸ ነገር ራሱ ፈጭቶ ይጠቀምበታል፤ ሲጠግብ ግን ጽዳቱ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ቀድሞ በ1935 ክላይቭ ማኬይ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ምግብ የተቀነሰባቸው አይጦች ከጠገቡት ይልቅ ረጅም ዘመን እንደኖሩ አሳይቶ ነበር። በእነዚህ ሙከራዎች ሁሉ የጾመውና የጸዳው ያው አንዱ ነው። አንዱ ጾሞ ሌላው የሚጸዳበት ዘዴ በሳይንስ ገና አልተገኘም፤ በሌላ ስፍራ ሙከራው እንደቀጠለ ይሰማል።

ሄይፍሊክ በ2024 በ96 ዓመቱ ዐረፈ። እርጅናን እናስቀራለን ለሚሉ የመድኃኒት ነጋዴዎች ዕድሜ ልኩን አልራራላቸውም። ማርጀት በሽታ እንዳልሆነ ያምን ነበር። ከእሱ በኋላ ያሉት የያዙት ጥያቄ ከሱ ይጠብባል፤ ሥራውን የጨረሰውን ሕዋስ ከአካሉ እንዴት በሰላም ማሰናበት ይቻላል የሚል ነው።

መልሱ ከአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ፣ ከአንዲት አይጥ መጣ። በ2011 የወጣው ጥናት ሥራ ያቆሙት ሕዋሳት በተወገዱ ጊዜ የአይጧ የዓይን ሞራና የጡንቻ መሟሸሽ እንደዘገየ አሳየ፤ በ2016 ደግሞ በተፈጥሮ ጊዜያቸው በሚያረጁ አይጦች ላይ ተሞክሮ ዕድሜያቸው ረዘመ። ዘግይቶ የተጀመረው ማሰናበት የደረሰውን ጉዳት አልመለሰም፤ እንዳይብስ ግን አደረገ። ብልሃቱ አይጧ ከመወለዷ በፊት ነው የተሠራው። ጊዜው ያለፈበት ሕዋስ የሚሰናበትበት አንቀጽ በዘረመሏ ውስጥ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር፤ ሕዋሳቱ ገና ወጣት ሳሉ፣ ማንኛቸው በኋላ እንደሚነካቸው ሳያውቁ።

አንቀጹ መጻፉ ግን ብቻውን ምንም አላደረገም፤ ሥራ የሚያስጀምረው መድኃኒት ያስፈልገው ነበር። መድኃኒቱ ያልተሰጣቸው አይጦችም ያንኑ አንቀጽ በደማቸው ይዘው ነበር፤ ተጽፎላቸው አረጁ። የሠራው በታዘዘው ቀን መድኃኒቱን የሚሰጥ እጅ ለተገኘላቸው ነው። ከሳይንሱ የተረዳነው እስከዚህ ድረስ ነው፤ ቀሪው የሚመለከተው አካል ድርሻ ነው።